«እንጀራውን ልደብቀው ወይ?»

ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ ከሐዋሳ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠራሁ። በ2014 መስከረም እናቴ ስትታመም ሥራዬን ለቅቄ እሷ የጀመረችውን እንጀራ የማስረከብ ሥራ ያዝኩ። ያኔ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞችና በዙሪያው ላሉ ምግብ ቤቶች በቀን 2,400 እንጀራ እናወጣ ነበር። ፋብሪካዎች መውጣት ሲጀምሩ በሁለት ወር ውስጥ 900 ገባ። ዛሬ 3,100 ደርሰናል። 14 ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ።

አሁን ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መማር እፈልጋለሁ። ለሐርቫርድና ለስታንፎርድ ላመልክት አስቤያለሁ። ግን እዚያ የሚገቡት ባንክና አማካሪ ድርጅት የሠሩ፣ ውጭ የተማሩ ናቸው ይሉኛል። የእኔ ጂፒኤ 2.8 ነው። ሒሳብም ከ12ኛ ክፍል በኋላ ብዙ አልነካሁም። አንድ አማካሪ ነኝ ያለኝ ሰው 60,000 ብር ከከፈልሽ ጽሑፉን ጽፈን እንጨርስልሻለን፣ እንጀራውንም «የምግብ ማቀነባበሪያ ኩባንያ» እንለዋለን አለኝ። አለቃ ስለሌለኝ የድጋፍ ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍልኝም አላውቅም። እናቴ ሂጂ ትለኛለች። አክስቶቼ ግን ዕድሜሽ እየሄደ ነው፣ ትዳር ያዢ ይላሉ። ጋሼ፣ እንጀራውን ልደብቀው ወይ? ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ነኝ፣ ከሐዋሳ

*

ሰ.፣ ጋሼ ብለሽኛልና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

እንጀራውን አትደብቂው። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «በሁለት ወር ውስጥ 900 ገባ። ዛሬ 3,100 ደርሰናል» ብለሻል። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መሃል ዓመታት አሉ። እንዴት ደረሳችሁ? አልነገርሽኝም። ስለ ጂፒኤሽ ነግረሽኛል፣ ስለ አክስቶችሽ ነግረሽኛል፣ ስለ ሰውየው 60,000 ብርም ነግረሽኛል። ይህንን ግን ዘለልሽው። ማመልከቻሽ ያለው እዚያ የዘለልሽው ቦታ ላይ ነው።

ያንቺን ዓይነት መንገድ የመጡ አመልካቾች ብዙውን ጊዜ መንገዳቸው ያሳፍራቸውና ይሸፍኑታል። ሰውየው የሚመክርሽ ይህንን ነው። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው መንገዱን ራሱን ይሸጡታል። «አዋላጅ ነበርኩ፣ ከዚያ እንጀራ ጋጋሪ ሆንኩ» ይሉና አንባቢው ተገርሞ ይቀበለናል ብለው ይጠብቃሉ። ሁለቱም አይሠሩም። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው መርከበኛም፣ መምህርም፣ ወታደርም፣ ሐኪምም አይቷል። ሥራሽ ለእሱ እንግዳ መሆኑ አንድ ገጽ ያስነብበው ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ነገሩ ሲበላሽ እጅሽ ላይ ምን ነበር? ከምን መሃል መረጥሽ? ምን ከፈልሽበት? ያንቺ ውሳኔ ባይኖር ምን ይሆን ነበር?

ስለዚህ እኔም ልጠይቅሽ። እንጀራው 900 ሲገባ መጀመሪያ ማን ዘንድ ሄድሽ? ያኔ ስንት ሴቶች ነበሩ? ማንን አሰናበትሽ? ማንንም ካላሰናበትሽ ደሞዙን ከየት አመጣሽ? ቀን አሳጥረሽ ነው ወይስ ተበድረሽ? ጤፉ ላይ ምን አደረግሽ? ነጩን ትተሽ ሰርገኛ ገባሽ? ቅይጥ ጀመርሽ? ከጀመርሽ ለደንበኛ ቅይጥ መሆኑን ነገርሽ? የዱቤ ደብተሩስ ምን ሆነ? ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ አገራቸው የተመለሱ ልጆች ያልከፈሉት ሒሳብ ነበር? ተውሽው ወይስ ጠየቅሽ? የመጀመሪያው ሆቴል እንዴት እሺ አለሽ? መብራት ሲጠፋ በማገዶ ጋገርሽ ወይስ ተረካቢውን ይቅርታ ጠየቅሽ?

እነዚህን መመለስ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። 60,000 ብር የጠየቀሽ ሰው አንዱንም አያውቀውም። እሱ የሚጽፈው «ከልጅነቴ ጀምሮ የመሪነት ህልም ነበረኝ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በጣም ብዙ አንብቤያለሁ። ለስኮላርሺፕ የሚቀርቡ ማመልከቻዎችን ጥቂት ዓመታት አብሬ ስመርጥ ነበር። ከአሥሩ ስምንቱ በዚያው ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ ነበር። የማን እንደሆኑ ስማቸውን ካላየሁ መለየት አልችልም ነበር።

ብሩን አትክፈዪ። ቃለ መጠይቁንም አስቢው። ሐርቫርድ ላይ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግሽ ሰው ማመልከቻሽን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ነው የሚገባው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠይቅሻል። «የማቀነባበሪያ ኩባንያሽ ስንት ማሽን አለው?» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ? ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ከተቀበሉሽም በኋላ የሥራና የትምህርት ታሪክሽን ያስጣራሉ። ያልሆነ ነገር ከተገኘ ቦታውን መልሰው ይወስዱታል። እንጀራ በይው። ከጤፍ የሚጋገር፣ እርሾ ያለው፣ ብዙ የአገሩ ሰው በየቀኑ የሚበላው ቂጣ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂና እለፊ። ሰውየው ይገባዋል።

አንባቢው የማያውቀው ግን የሐዋሳን ነገር ነው። እሱን አስረጂ። ፓርኩ በ2008 መመረቁን፣ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተው መኖራቸውን፣ አሜሪካ በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ ማውጣቷን ጻፊ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ ለመውጣት ወስኖ ነበር። ይህን ዜና እዚያ ያለ አንባቢ ሰምቶት ይሆናል፤ ሌላኛውን ጫፍ ግን አያውቀውም። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ አንድ ወረቀት ስንት እንጀራ ሳይሸጥ እንዳሳደረ አንቺ በቁጥር ታውቂያለሽ። ከሦስት ወይም ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ከዚያ ወደ ራስሽ ውሳኔ ተመለሺ። የአገር ታሪክ ሲረዝም የጸሐፊዋ ፊት ይጠፋል።

የአዋላጅነቱን ሦስት ዓመትም እንደ ባከነ ጊዜ አትይው። ባለቤቴ አዋላጅ ናት፤ ሥራውን ከቅርብ አውቀዋለሁ። ፓርቶግራፍ፣ ያንን የምጥን ሂደት የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ ስትሞይ ኖረሻል። የማስጠንቀቂያ መስመር አለ፣ ከእሱ አራት ሰዓት ርቆ ደግሞ እርምጃ የሚወሰድበት መስመር አለ። ምጡ መስመሩን ሲያልፍ ሐኪም በሌለበት፣ አምቡላንስ መምጣቱን ሳታውቂ፣ «ትላክ» ወይም «ትቆይ» ያልሽበት ሌሊት አለ። ባልተሟላ መረጃ፣ ሰዓት እየሄደ፣ የሰው ሕይወት ይዘሽ ወስነሻል። ቢዝነስ ስኩሎች ያንን ችሎታ እናስተምራለን ነው የሚሉት። አንዱን ሌሊት መርጠሽ ጻፊው። የእናቲቱን ማንነት ግን ደብቂ፣ የሙያሽ ምስጢር ነው። አዋላጅነቱንና እንጀራውን በግድ አታገናኚያቸው። «ሊጥ እንደሚቦካ ሕይወትም...» የሚል ነገር አልፈልግም። ሁለቱም ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት መሆኗ ብቻዋን ይታያል።

የሚጠየቁት ጽሑፎች አጫጭር ናቸው። ስታንፎርድ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ጥያቄ አለው፦ «ከምንም በላይ የምትሰጪው ዋጋ ለምንድን ነው? ለምንስ?» ሁለተኛው «ለምን ስታንፎርድ?» ነው። ሁለቱ ተደምረው 1,000 ቃል ገደማ ናቸው። ሐርቫርድ በቅርብ ዓመታት ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ይጠይቃል። ስለ ሥራሽ ምርጫ፣ ሰው ስለ መምራት፣ ስለ ማደግ። በየዓመቱ ሊለውጡት ስለሚችሉ የምታመለክቺበትን ዓመት ጥያቄ ከራሳቸው ገጽ አንብቢ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ታሪክሽ የቱንም ያህል ቢያምር ሒሳቡን አያስቀርልሽም።

ጂፒኤሽ 2.8 ነው። በይፋ ይህን ያህል ከሌለሽ አንቀበልም የሚል ዝቅተኛ ነጥብ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የላቸውም። ግን ውጤቱን ያያሉ። የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት የፋይናንስና የስታትስቲክስ ጫና ትችለዋለች ወይ? ይህን በቃል አታሳምኛቸውም። በአዲስ ማስረጃ ነው የምታሳምኛቸው። ለተጨማሪ ማብራሪያ የሚተዉት ቦታ አለ። እዚያ ስለ ጂፒኤው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። እውነተኛ ምክንያት ካለ በይው። «መምህሮቹ ውጤት አይሰጡም ነበር» አትበዪ፤ እውነት ቢሆንም ሰበብ ይመስላል።

የመግቢያ ፈተናውን በሚመለከት ጂማት ወይም ጂአርኢ ከሚባሉት አንዱን ትወስጃለሽ። ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ አንዱን አያበላልጡም። አዲሱ ጂማት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ሒሳብ፣ ቋንቋና የመረጃ ትንተና እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ አላቸው። ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ነው። ጂአርኢ ከ2 ሰዓት ትንሽ ያንሳል፣ ሒሳቡና ቋንቋው እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170 ይያዛሉ። ጂአርኢ የሒሳቡ ክፍል ላይ ካልኩሌተር ይሰጥሻል፤ ጂማት የሒሳቡ ክፍል ላይ አይሰጥም። የሁለቱም ውጤት አምስት ዓመት ያገለግላል። የሁለቱም አዘጋጆች ነጻ የሙከራ ፈተና በድረ ገጻቸው አላቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጂአርኢውን፣ በሚቀጥለው ጂማቱን ሞክሪ። የተሻለ የወጣልሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ ሐሳብ አትለዋውጪ።

ቤትሽ ሆነሽ በኢንተርኔት መፈተን ይቻላል። እኔ ግን አልመክርሽም። ኔትወርክና መብራት አንዴ ከተቋረጠ ስድስት ወር የለፋሽበት ነገር አብሮ ይቋረጣል። አዲስ አበባ ማዕከል ላይ ቦታ ያዢ። ከፈተናው ሁለት ቀን ቀድመሽ ሂጂ፣ ዘመድ ቤት እደሪ፣ ተኝተሽ ግቢ።

ሒሳብሽን ከታች ጀምሪ። ካን አካዳሚ በሚባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ አልጀብራ። አታፍሪበት። ጋጋሪዎችሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የሚነሱ ከሆነ ጠዋት እንጀራው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ያንቺ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ወር። ከፈተናው በተጨማሪ አንድ የሒሳብ አያያዝና አንድ የስታትስቲክስ ኮርስ ተማሪና ጥሩ ውጤት አምጪበት። ማታ እዚያው ሐዋሳ ልትማሪ ትችያለሽ፤ በኢንተርኔትም የክፍያ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ። በባዮስታትስቲክስ ጥሩ አምጥተሽ ከሆነ እሱንም ጠቁሚ። የራስሽን ቤት ሒሳብ ደግሞ ከደብተር አውጥተሽ ኤክሴል ላይ አስገቢ። የአንድ እንጀራ ወጪ ስንት ነው? ጤፉ፣ መብራቱ፣ ደሞዙ፣ ባጃጁ፣ የተበላሸው ሁሉ ተደምሮ። ይህ ለማመልከቻውም ለሥራሽም ይጠቅማል።

የንግድ ፈቃዱ በእናትሽ ስም ነው? የግብር ደረሰኞቹ አሉ? ከሆቴሎቹ ጋር የጽሑፍ ውል አላችሁ? ሥራሽን ሲያጣሩ የሚያገኙት ወረቀት ይኑር። የቃል ስምምነት ብቻ ከሆነ ዛሬ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው። ፈቃዱ የእናትሽ ከሆነም ችግር የለውም፣ እንዳለ ጻፊው። «መሥራችና ሥራ አስኪያጅ» አትበዪ። የመሠረተችው እናትሽ ናት።

የድጋፍ ደብዳቤ። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ።

ወጣት ሆኜ ውጭ ለመማር አመልክቼ ነበር። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ጻፍኩት። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ብሩህ የሚሉ ቃላት ደረደርኩበት። ማህተም ተመታበት፣ ተላከ። አልተቀበሉኝም። ብዙ ዓመት ቆይቶ የሌሎችን ማመልከቻ ሳነብ ጥፋቴ ገባኝ። የአመልካቹ ጽሑፍና የ«አለቃው» ደብዳቤ አንድ ዓይነት ኮማ፣ አንድ ዓይነት ስህተት ነበራቸው። ማህተሙ አላዳናቸውም። እዚያ አገር ማህተም የሚጠይቅም የለም። ደብዳቤ የሚሰጠው ሰው በራሱ ኢሜይል ሊንክ ይደርሰዋል፣ ገብቶ ለተወሰኑ ጥያቄዎች መልስ ይጽፋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ብዙ ጊዜ «ለአመልካቿ የሰጡት ከባድ አስተያየት ምን ነበር? እሷስ ምን አደረገች?» የሚል ነው። ይህን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚመልሰው።

አለቃ የለኝም አልሽ። አለሽ። ጤና ጣቢያ የነበሩት የቅርብ ኃላፊሽ አንዱ ናቸው። ሁለተኛው ከሆቴሎቹ የአንዱ የግዢ ኃላፊ ይሁን። በተለይ አንድ ቀን እንጀራ አዘግይተሽበት ወይም ጥራቱ ወርዶበት የተጣላሽ፣ ከዚያ ያስተካከልሽለት ሰው ካለ እሱን ያዢ። ደንበኛ፣ አቅራቢ፣ አበዳሪ፣ ሁሉም ይሆናሉ። እናትሽ አይሆኑም። የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ባለሥልጣንም አይሁን። ስሙ ከብዶ ይዘቱ ባዶ የሆነ ደብዳቤ ይጎዳሻል።

ሰዎቹ እንግሊዝኛ ያስፈራቸው ይሆናል። «ራስሽ ጻፊው» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። አብራችሁ ያሳለፋችሁትን አራት አምስት ነገር በአማርኛ አስታውሻቸው፤ ቀንና ቁጥር ያለው ወረቀት ስጫቸው። የሚጽፉት እነሱ ናቸው። እንግሊዝኛው ቀላል ቢሆን፣ ስህተት ቢኖርበት ግድ የለም። ቢያንስ ሁለት ወር ቀድመሽ ንገሪያቸው። ኢሜይል የማይከፍቱ ሰዎች ከሆኑ ሊንኩ የመጣ ቀን አጠገባቸው ሁኚ፣ ጽሑፉን ግን አትይው።

ወረቀቱን አሁን ጀምሪ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽን ጨርሰሻል? ዲግሪሽንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን ይዞብሽ እንዳይሆን ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። ለማመልከቻው ስቱደንት ኮፒው ሊበቃ ይችላል፤ ከተቀበሉሽ በኋላ ግን ኦፊሻሉን ይፈልጋሉ። እግረ መንገድሽን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረን ሰው ከቶፍል፣ ከእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ነጻ የሚያደርጉ አሉ። ስምሽ በፓስፖርትሽና በዲግሪሽ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። የአያትሽ ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኢ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ከሆነ ከፈተና በር ሊመልሱሽ ይችላሉ። ሲቪሽ ላይ ደግሞ 2014 ብለሽ እንዳትጽፊ። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪ።

የመጀመሪያው የማመልከቻ ዙር የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜ ላይ ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የገና ሰሞን ነው። ሐርቫርድ በቦስተን ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ያ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እስከዚያች ሰዓት አትጠብቂ።

ገንዘቡን ሳልነግርሽ ባልፍ ጥፋት ነው። ሐርቫርድና ስታንፎርድ የትምህርት ክፍያቸው ብቻ በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ነው። መኖሪያው ሲጨመር ሁለቱ ዓመት ከ200,000 ዶላር ያልፋል። ይህን ቁጥር አይተሽ አትዝጊው። ሁለቱም የሚሰጡት ድጋፍ በችሎታ ሳይሆን በአቅም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ገቢሽንና ንብረትሽን አይተው ይወስናሉ። ያንቺ ዓይነት ገቢ ያለው ሰው ብዙ ሊያገኝ ይችላል። ስታንፎርድ ለአፍሪካ ዜጎች የትምህርት ክፍያን የሚሸፍን ፌሎውሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል። ግዴታው ከተመረቁ በኋላ ተመልሶ በአፍሪካ ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራት ነው። በምታመለክቺበት ዓመት ክፍት መሆኑን ተመልከቺ። የማመልከቻ ክፍያው ራሱ ለእያንዳንዱ 250 ዶላር አካባቢ ስለሆነ፣ አቅም ለሌለው ሰው የሚቀር መሆኑን አትርሺ። ይቅርልኝ ብሎ መጠየቅ ማመልከቻሽን አይጎዳም።

በሁለቱ ብቻ ግን አትታጠሪ። ስታንፎርድ በዓመት የሚያስገባው 430 ሰው ገደማ ነው፤ ከመቶ አመልካች አሥር እንኳ አይወስድም። አንድ ዓመት የሚፈጁትን እያቸው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ አንድ ዓመት ነው። ፈረንሳይና ሲንጋፖር ያለው ኢንሲያድ 10 ወር ነው። ለእንግሊዝ ቼቪኒንግ የሚባለው የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የጤና ጣቢያው ዓመታትሽ ብቻቸውን ያልፉታል። ተምረሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት አገርሽ መቆየት ግዴታው ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው ላይ ጣሪያ ስላለው ቀሪውን ከትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ ማሟላት ይኖርብሻል። ሥራሽን እያሰብኩ ስመለከተው አጭሩ ትምህርት ላንቺ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለት ዓመት ከእንጀራው ቤት መራቅ ረጅም ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ተለማመጂ፤ መናገር። ሐርቫርድ በኬዝ ነው የሚያስተምረው። ተማሪው የአንድ ድርጅትን ችግር አንብቦ ይገባል፣ መምህሩ ይጠይቃል፣ ክፍሉ ይከራከራል። ከውጤቱ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው በክፍል ውስጥ የሚነገረው ነው። እኛ ጨዋ ተማሪ ዝም ይላል ተብለን ነው ያደግነው። እዚያ ዝምታሽን ጨዋነት አይሉትም፣ አልተዘጋጀችም ይሉሻል። ሁለት ጓደኛ ፈልጊና በሳምንት አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ተከራከሩ። ከጠላችሁት ሐሳብ ጎን ቆማችሁ ሞክሩት።

አክስቶችሽን በሚመለከት፦ 29 ዓመት ለዚህ ትምህርት አልረፈደም። አብረውሽ የሚማሩት አብዛኞቹ ከ26 እስከ 30 ይሆናሉ። ትዳሩን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አክስቶችሽም ስለሚወዱሽ ነው። አትጣያቸው።

የአክስቶችሽን ያህል ያልተነሳ ግን ከእነሱ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ቃለ መጠይቁ ላይም ይመጣል። አንቺ ስትሄጂ 14ቱ ሴቶች ምን ይሆናሉ? እናትሽ ታመው ነበር፤ አሁን ጤናቸው እንዴት እንደሆነ አልነገርሽኝም። ሊጡን ማን ያያል? ተረካቢዎቹ ጋር ማን ይደውላል? ጤፍ የሚገዛው ማን ነው? ይህ ሁሉ አንቺ ላይ ብቻ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ከሴቶቹ መሃል አንዷን ምረጪ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ለአንድ ወር ቤቱን ተይላት። ስልክሽን አጥፊ። ሲበላሽ እይ፣ አስተካክዪ፣ ደግሞ ሞክሪ። ይህን ካደረግሽ፣ ትምህርት ቤቱ ባይቀበልሽ እንኳ እጅሽ ላይ ያለ አንቺ የሚሄድ ድርጅት ይኖራል። ከተቀበለሽ ደግሞ በሰላም ትሄጃለሽ። ለምን ኤምቢኤ እንደምትፈልጊም ያኔ ይበልጥ ይገለጥልሻል። አሁን «መማር እፈልጋለሁ» ነው ያልሽው። ለምን እንደሆነ አላነበብኩም። 3,100ው 30,000 እንዲሆን ነው? በየከተማው ለፋብሪካ ሠራተኛ ምግብ ለማቅረብ ነው? ወይስ ወደ ጤናው ተመልሰሽ ሆስፒታል ለማስተዳደር? ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ግን አንዱን ካልመረጥሽ «ለምን ይህ ትምህርት? ለምን አሁን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይኖርሽም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሥሪ። በደብዳቤሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሻቸውን ሁለት ወራት ጻፊልኝ። በአማርኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛውን በኋላ ራስሽ ትመልሺዋለሽ። ስለ ህልምሽ አትጻፊ። የመጀመሪያው ፋብሪካ የዘጋ ቀን ጠዋት ስንት እንጀራ ተመለሰ? ማን ይዞት መጣ? አንቺ ምን አልሽ? ከዚያ ጀምሪ።